ግማሽ ወሬ ይዞ ከሚሴ መግባት

እሑድ

ይህ ጉዞ የተጀመረው በስልክ ነው። ከሚሴ የተዳረችው ታናሽ እህቴ ዘይነባ፣ እኛ ቤት ዘይኑ የምንላት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደወለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጉዷን ነገረችኝ። የአንድ ወር ልጇ ኢድሪስ ሲተነፍስ ጉሮሮው ይጮሃል። የከሚሴ ሐኪሞች አይተውት፣ ደሴ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው ብለው ወረቀት ጽፈውላታል። አማቷ እማ ፋጡማ ግን ወረቀቱን ትራስ ስር ከተው፣ ይሄ የእንጥል ነገር ነው ብለዋል። እንጥል ቆራጩ ለሐሙስ ተቀጥሯል። ባሏ ሰይድ ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ እናቱ ፊት ግን ቃል አይወጣውም። «አንተ ና። አንተን ይሰሙሃል፤ የሬድዮ ሰው ነህ» አለችኝ።

የሬድዮ ሰው መሆኔ እውነት ነው። አዲስ አበባ ባለ አንድ ጣቢያ አስራ ዘጠኝ ዓመት ዜና አርሜያለሁ። ድምፄ አንድም ቀን አየር ላይ ውሎ አያውቅም። ሥራዬ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጬ ጋዜጠኞቹን «ይሄን ማን ነገረህ? አንተ ራስህ አይተሃል?» እያልኩ ማስመረር ነው። ዘመዶቼ ግን ጣቢያውን የማዝዘው እኔ ይመስላቸዋል፤ እኔም አስተባብዬ አላውቅም።

ስለ እንጥል ደግሞ ትንሽ ልበል። ጉሮሮ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠለው ያቺ ቁራጭ ሥጋ በአገራችን የማትከሰስበት ነገር የለም። ልጅ ቢያስለው እሷ ናት፣ ቢያስመልሰው እሷ ናት፣ ጡት እምቢ ቢልም እሷ ናት። በምላጭ ተቆርጣ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ ሕፃን ወሬ እኔው ራሴ አርሜ አሳልፌያለሁ። ስለዚህ ፈቃድ እንኳ በወጉ ሳልጠይቅ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

እሑድ በንጋት ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የደረሰኝ ወንበር ከጎማው በላይ ያለው ስለነበር ጉልበቴን አገጬ ስር አድርጌ ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ከነሹራቤ ተንቀጠቀጥኩ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁና ጃኬቴን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። ሰንበቴ ስንደርስ የማወልቀው ነገር አልቆብኝ ነበር። አዲስ አበባ ሞቀ የምንለው ሙቀት እዚህ ቢመጣ ብርድ ልብስ ይጠይቃል።

ሰንበቴ ላይ ሹፌሩ «አስር ደቂቃ» ብሎ ወረደ። የእሱን አስር ደቂቃ ያኔ አላወቅሁትም እንጂ ምሳ ይዤ እወርድ ነበር። የገበያ ቀን ነበርና ፍየል ሊገዛ ነው የገባው። ከቆላ የወጡት ግመሎች፣ ከደጋ የመጡት በጎች፣ መሃል ላይ ደግሞ እኔን የመሰሉ መድረሻ ያጡ መንገደኞች ተደበላልቀናል። አንዲት ሻይ ሻጭ አዘነችልኝና ከዳሷ ስር ወንበር ሰጠችኝ። አጠገቤ ሸምገል ያሉ የአፋር ግመል ነጋዴ ተቀምጠዋል፤ ስማቸው ሁመድ ነው። እጄን ጨብጠው ሳይለቁኝ «ዳጉ» አሉኝ።

ግራ ሲገባኝ ሻይ ሻጯ አስረዳችኝ። በአፋር ደንብ መንገደኛ መንገደኛን ሲያገኝ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግረዋል። ውሃ ቢጠማውም መጀመሪያ ወሬው ነው፤ የሰማውም ሲሄድ ላገኘው ሰው እንዲሁ አድርጎ ያቀብላል። እኔም በሆዴ ሳቅሁ። እኔን ነው ዜና የሚጠይቁኝ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። የመንገዱን ነገር፣ የኬላውን ፍተሻ፣ የጣርማ በርን ጭጋግ ነገርኳቸው። በመጨረሻም የእህቴ ልጅ ጉሮሮው እንደሚጮህና ሐሙስ እንጥሉ ሊቆረጥ እንደሆነ፣ እኔም ይህንኑ ላስቆም እየሄድኩ መሆኔን ጨመርኩ። በደንብ ያቀረብኩ መስሎኝ ነበር።

«ጩኸቱ ትንፋሹ ሲገባ ነው ሲወጣ?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው። ከተወለደ ጀምሮ ነው ወይስ ቆይቶ የመጣ? አላውቅም። ሲጠባ እያረፈ ነው? አላውቅም። በጀርባው ሲሆንና በሆዱ ሲሆን አንድ ነው? ከንፈሩ ምን ይመስላል? ሥጋ እየጨመረ ነው? ላቤን ጠረግሁ። የግመል ግልገል ቢሆን ኖሮ ይህን ሳያጣራ ለሰው የሚያወራ እረኛ እንደሌለ፣ ቁጣ ሳይኖርባቸው ነገሩኝ።

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። በስልክ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያስ ወሬህ ግማሽ ነው» አሉ። «የሚመጣው እሑድ እዚሁ ነኝ። ሙሉውን ይዘህ ና። እስከዚያ ግማሹን፣ ግማሽ ነው ብዬ እነግራለሁ።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ዜና ስመልስ ኖሬ የእኔ ተመለሰብኝ። ሻዬን ጨረስኩ።

ሹፌሩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አራት ፍየል እየነዳ መጣ። ፍየሎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ እኛ ውስጥ ገባን። አጣዬን አልፈን መስኮት ከፍቼ ስሄድ ትከሻዬ ላይ ለብ ያለ ነገር ወረደ። ዝናብ መሰለኝ፤ ቀና ብዬ ሳይ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚያ እስከ ከሚሴ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት እንዳዞረ ቀረ።

እማ ፋጡማ በር ላይ ተቀበሉኝ። ቀጠን ያሉ፣ ወገባቸው የቀና፣ ዓይናቸው ምንም የማያመልጠው ሴት ናቸው። ትከሻዬን ሊስሙ ጠጋ አሉና ቆም ብለው አሸተቱ። «አካም ጂርታ፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ በሰላም ገባህ። መጀመሪያ ግን ታጠብ» አሉኝ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ይሰሙሃል የተባሉትን ሴት ልገስጽ የገባሁት።

ታጥቤ ወደ ጓዳ ስገባ ኢድሪስን ከማየቴ በፊት ሰማሁት። እኛ ሰፈር ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሊመጣ ሲል ቧንቧው አየር እየሳበ እንደሚጮኸው ነው። አንዱን ትንፋሽ ይስባል፣ ይጮሃል፣ ዝም ይላል። እኔም በየዝምታው ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ዘይኑ ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ ይዛው ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። «መጣህልኝ» ብቻ አለችኝ።

ሰኞ

መኝታዬ የሰይድ እህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ሰይድ ማሽላ ነጋዴ ነው፤ ሳሎኑን የወላድ ጠያቂ ስለሞላው አልጋዬን በጆንያዎቹ መሃል ዘረጋልኝ። አዲስ አበባ ጎረቤቴ ሙዚቃ ሲያጮህ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እዚህ ግን አይጦቹ ማሽላውን ሲቆረጥሙ እየሰማሁ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ቁርስ ገንፎ ነው። የወላድ ቤት ስለሆነ ምሳም ወደ ገንፎው ያደላል። እህቴ ብትወልድም ሳምንቱን ሙሉ የታረስኩት እኔ ነኝ።

ሸሚዜን የማጥብበት ሳሙና ልገዛ ባጃጅ ያዝኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ጉሮሮው የሚጮኸው ልጅ አጎት አንተ ነህ?» አለኝ። ደንግጬ እንዴት አወቅህ ስለው፣ ከሰንበቴ ጨው ጭኖ የመጣ ሰው ነገረኝ አለ። «ግን ግማሹን ነው የነገረኝ። ሌላው ይመጣል አለ።» ሱቁ ውስጥ ሳሙና የሸጠችልኝ ሴትዮም አብሽር፣ አላህ ያሽረዋል ብላ መልሱን ሰጠችኝ። ቤት ስመለስ ሦስት ጎረቤቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። እኛ ጣቢያ አንድ ዜና ተርጉመን፣ አርመን፣ አስፈርመን ለማታ ስናደርስ እንኩራራለን። የሰንበቴው ዜና ያለ ኤሌክትሪክ ቀድሞኝ ቁርስ በልቷል።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ ዘይኑ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«አንድ ነገር እንድታስቆም ነው የጠራሁህ። አንተ ገበያ ላይ አወጅከው። እኔ የሰው ዓይን ፈርቼ ልጄን ለጎረቤት እንኳ ገልጬ አላሳየሁም።»

እውነቷን ነው። ዓይኗ ፍም መስሎ ነበር፤ እኔም ከንዴት ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ ገንፎውን ሳይጠሩኝ ሄጄ በላሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ልጁ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሁመድን ስድስት ጥያቄዎች በተርታ ጻፍኩና ከጎናቸው ባዶ ቦታ ተውኩ። እማ ፋጡማ ከበሩ ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሰንበቴ ላይ ወሬዬ ግማሽ ነው ተብዬ እንደተመለስኩ። እማ ፋጡማ ሳቁ። ተቀምጠው ሳቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ቀጥለው «ጥያቄውን እስቲ ድገምልኝ» አሉ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሪፖርተሩ ሁለት ሆንን። እሳቸው መዳፋቸውን አፍንጫው አጠገብ አድርገው ትንፋሹን ይይዛሉ፤ እኔ ከሻርባቸው የመዘዝኳትን ክር እዘረጋለሁ። ክሯ ወደ ልጁ ስትሳብ ይጮሃል፣ ወደ እኛ ስትመለስ ዝም ይላል። «ሲገባ ነው» አሉ፣ እኔ ልጽፍ ስል ቀድመውኝ። እኔ በሰዓቴ ስቆጥር እሳቸው በተስቢህ መቁጠሪያቸው ይቆጥራሉ፤ አንዴ በሦስት ትንፋሽ ተለያየንና የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ሲጠባ መሃል ላይ እየለቀቀ እንደሚያርፍ አየን። ከንፈሩ ቀይ ነው። እማ ፋጡማ ክንዱን ዳብሰው ሥጋ ጨምሯል አሉ። ሲያለቅስ ድምፁ የጠራ ነው፤ ጎረቤት ሳይቀር ይመሰክራል። መቼ ጀመረ ስንባባል እኔ ከተወለደ ጀምሮ ነው አልኩ፣ እሳቸው የለም፣ ስም ከወጣለት በኋላ ነው አሉ። ዘይኑ ከጥግ ሆና «በሁለተኛው ሳምንት» አለች። ልጁን ደረቷ ላይ እንደያዘች የገንፎ ማንኪያዋ አየር ላይ ቆሞ፣ አንገቷ ዘንበል ብሎ ነበር። ይህንንም አየሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን ባዶ ቦታ የተውኩት ለልጁ ጥያቄዎች ብቻ ስለነበር አልጻፍኩትም።

ከሰዓት በኋላ እማ ፋጡማ ልጁን ተቀብለው ጭናቸው ላይ በሆዱ አጋደሙት። ጩኸቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። በጀርባው ገለበጡት፤ ተመለሰ። እንደገና በሆዱ፤ ጠፋ። ይህን አምስት ጊዜ አደረጉት። እኔ የተማርኩትን ሁሉ ላወርድባቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ጻፍ ብቻ» አሉኝ።

ረቡዕ

እንጥል ቆራጩ ሐሙስን አልጠበቁም። አያ ሙሄ ይባላሉ፤ ልጁ ጠንቶበታል የሚል ወሬ ሰምተው፣ ልድረስለት ብለው በአንድ ቀን ቀድመው መጡ። ወሬውን ማን እንደበተነው መናገር አያሻኝም። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ለዛ ያላቸው፣ ሲገቡ ዱዓ አድርገው የሚገቡ ሽማግሌ ናቸው። ምላጫቸውን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ይዘዋል።

ዘይኑ ልጁን አቅፋ ጓዳ ገባችና መቀርቀሪያውን ስትዘጋ ሰማሁ። ሰይድ ሱቅ የረሳው ነገር ትዝ አለው። ቀረሁ እኔ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ቁስል፣ ስለ ሐኪም ወረቀት። ቆምኩ። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት የዜና ሥራ የወጣልኝ ቃል «ሻይ ይጠጣሉ?» የሚል ብቻ ሆነ።

ሻዩ ሲቀርብ እማ ፋጡማ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«አያ ሙሄ፣ ጩኸቱ ሲገባ ነው ሲወጣ?»

«የምኑ?»

«የትንፋሹ።»

«እኔ በምን አውቄ? እኔ መቁረጡን እንጂ።»

«በሆዱ ሳስተኛው ለምን ይተወዋል? እንጥል ከሆነ በሆዱ ሲሆን የት ይሄዳል?»

አያ ሙሄ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አገላበጡ፣ መልሰው አደረጉ። ስንት ዓመት ሲቆርጡ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ሰው ልጁን አምጥቶ አፉን ይከፍትላቸዋል፤ እሳቸውም ይቆርጣሉ። ይህን ሲሉ ማንን እንደሚከሱ አልታወቀም፤ ራሳቸውም የገረማቸው መሰሉ።

«እንግዲያስ የአንቱም ግማሽ ነው» አሉ እማ ፋጡማ። «ምሳ ብሉና ሂዱ። ሙሉውን ከደሴ ስናመጣ እንልክልዎታለን።»

እኔን ሰንበቴ ላይ ያዋረደኝ ቃል ነው፤ ሲዞር ግን እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አላሰብኩም። አያ ሙሄ በማሽላ እንጀራ የቀረበላቸውን ወጥ አጣጥመው በሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ልጁን መረቁ፣ የደሴውንም ሐኪም መረቁ፣ እኔንም አልረሱኝም። አሚን ያልኩት ከሁሉ ጮክ ብዬ ነው። ምላጩ ከነጨርቁ እንደመጣ ተመለሰ። እማ ፋጡማም ጓዳውን አንኳኩተው፣ «ዘይኑ፣ ወረቀቱን በየትኛው ትራስ ስር ነበር ያደረግሁት?» አሉ።

ሐሙስ

በማለዳ እኔ፣ ዘይኑ፣ ልጁና እማ ፋጡማ ለደሴ ተሳፈርን። እማ ፋጡማ ይመጣሉ ብዬ አልገመትኩም፤ «ወሬው የእኔም ነው» ብለው የፊቱን ወንበር ያዙ። ኮምቦልቻ ቁርስ ስናደርግ ከመኪና ጨው የሚያወርድ አንድ ጎልማሳ ወደ ልጁ ጆሮውን ዘንበል አደረገና «ይሄ ነው እንዴ? ሲገባ ነው ሲወጣ?» አለ። እማ ፋጡማ ዳቦአቸውን ሳያስቀምጡ «ሲገባ» አሉት። ሰውየው አመስግኖ ወደ ጆንያው ተመለሰ። ዘይኑ በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ መጣና ሹራቤን መልሼ ለበስኩ፤ ከቤቴ የወጣሁ ያልመሰለኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ገና ስንቀመጥ መጠየቅ ጀመረች። ጩኸቱ መቼ ጀመረ፣ ሲያስገባ ነው ሲያስወጣ፣ ሲጠባ እንዴት ነው፣ በጀርባው ይብሳል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ክብደቱ ይጨምራል? እኔና እማ ፋጡማ ተያየን። ከሁመድ ጥያቄዎች አንድም የጎደለ የለም፤ ለቅሶውን ብቻ ጨመረች፣ እሱንም ይዘነዋል። እኔ ደብተሬን ገልጬ ሳነብ እማ ፋጡማ ሳያነቡ ይቀድሙኛል። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ከሁለታችሁ ነርስ የሆነው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እጄን ላነሳ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው አያስቅም። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ከጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ቱቦ በልጁ አፍንጫ ሊገባ ሲል ዘይኑ ክንዴን ጨመቀች፤ የጥፍሯ ምልክት እስከ እሑድ አልጠፋም። ኢድሪስ እሪ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀይ፣ እርጥብ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር መጣ። ሐኪሟ በጣቷ አሳየችን። ይሄ ማንቁርቱ ነው፤ ድምፅ የሚወጣበት፣ ትንፋሽ የሚያልፍበት በር። ከላዩ ያለው ክዳን ገና አልጠናም፤ ለስላሳ ነው፣ አየር ሲስብ አብሮ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ያን ጊዜ ይጮሃል። አንዳንድ ልጅ በሩ ላይ ሥጋ ተጋርዶበት ይወለዳል፤ አንዳንዱ ውሃ የቋጠረ እጢ ይኖረዋል፤ አንዳንዱ የድምፅ አውታሩ አይንቀሳቀስም። እነዚህን ሁሉ ፈለገቻቸው፣ የሉም።

«ይሞትብኛል?» አለች ዘይኑ። ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

«አይሞትም» አለች ሐኪሟ። «እያደገ ሲሄድ ይጠነክርለታል። ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ሲሆነው አብዛኛው ልጅ ይተወዋል። እስከዚያ ጩኸቱን ትለምጂዋለሽ።»

ጥንቃቄውንም ነገረችን። ካጠባሽው በኋላ ቀጥ አድርገሽ ያዥው። በሆዱ ዝም ቢልም ለብቻው በሆዱ አታስተኚው፤ ሲተኛ በጀርባው ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ክብደት ካልጨመረ በዚያው ቀን ይምጣ። እማ ፋጡማ እያንዳንዱን በተስቢሃቸው ፍሬ ያዙት። ሊወጡ ሲነሱ ቆም ብለው፣ እንጥሉንስ አሳዪኝ አሉ። ሐኪሟ የልጁን አፍ በባትሪ አብርታ አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ምንም አላደረገችም» አሉ። «በሐሰት ነው የወነጀልናት።»

እኛ ጣቢያ ስሕተት ስናወራ እርማቱን የምናወጣው በሦስተኛው ቀን፣ ሰው በማይሰማበት ሰዓት ነው። እማ ፋጡማ ግን ከሐኪሟ በር እስከ ሚኒባሱ ድረስ ወረፋ ለያዘው ሁሉ እያስታወቁ ሄዱ።

ዓርብ እና ቅዳሜ

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰይድ ምላሱ ተፈታለትና ጨፋን ካላየህ አትሄድም አለኝ። ሸለቆው ሰፊ ነው፤ ማሽላው ከእኔ ቁመት ይበልጣል፣ ከብቱ ሆዱ ድረስ ሣር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ አንድ ካሬ ሣር ካለ አጥር አጥረን፣ አትርገጥ ብለን እንጽፍበታለን። ከዚህ በላይ ስለ መልክዓ ምድሩ አልልም፤ ምክንያቱም ባጃጃችን ቦርከና ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረችና ቀሪውን ሰዓት ያየሁት የባጃጇን ኋላ ጎማ ነው። ከማሳቸው የመጡ አምስት ገበሬዎች በኦሮምኛ እየተቀላለዱ አንስተው አወጧት። እንደ እንግዳ እንድቆም ለመኑኝ፤ እምቢ ብዬ ስገፋ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አንደኛው ቤቱ ወስዶ እግሬን አስታጥቦ፣ ቅል ሙሉ ወተት ሰጥቶ፣ የራሱን ሸበጥ አጥልቆልኝ ሸኘኝ። ሰይድ ይመልሰዋል ቢባልም ሸበጡ አሁን ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ነው። የእኔ ጫማ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ ይወጣል ተብሏል።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ደብተሬን ገለበጥኩ። የክብደቱን ቁጥር፣ የሐኪሟን ቃል፣ የክዳኑን ሥዕል ሳይቀር አሰፈርኩ። አንዲት ቀዳዳ እንዳትቀር ለእማ ፋጡማ አነበብኩላቸው፣ እሳቸውም በጆሯቸው አርመው አሳለፉት።

እሑድ

ዘይኑ በር ድረስ ሸኘችኝ። ገበያ ላይ ስላወጅኩት ይቅር በይኝ አልኳት። ባታውጀው ኖሮ ማን ይጠይቅ ነበር ብላ ሳመችኝ፣ ቂጣም ሸክፋ ሰጠችኝ።

ሰንበቴ ላይ ሹፌሩን አስር ደቂቃ የጠየቅሁት በዚህ ጊዜ እኔ ነኝ። ሁመድ እዚያው ዳስ ስር ነበሩ፤ ሦስት ጓደኞቻቸውም ነበሩ። እጄን ያዙና «ዳጉ» አሉ። ተቀመጥኩ። ደብተሬን ሳልከፍት ሁሉንም በተራ ነገርኳቸው። ሲገባ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ጀመረው። ሲጠባ እያረፈ ነው። በጀርባው ይብሳል። ከንፈሩ ቀይ ነው፣ ሥጋ ይጨምራል። አያ ሙሄ እንዴት እንደተመለሱ፣ ቱቦው እንዴት እንደገባ፣ ክዳኑ እንዴት እንደለሰለሰ፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው እንደሚጠናለት አንድ አላስቀረሁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አንዴም አላቋረጡኝም። ጨርሼ ሻዬን አነሳሁ።

«እናቱስ?» አሉኝ። «ተኝታለች?»

ሻዩን አስቀመጥኩት። ደብተሬን ከፈትኩ፣ የሌለ ነገር እንደማይገኝበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ገለበጥኩ። ትንፋሽ ተቆጥሯል፣ ከንፈር ተመዝግቧል። ስለ እሷ አንድ መስመር የለም። የሰኞው የቀላ ዓይኗ፣ አየር ላይ የቆመው ማንኪያዋ ትዝ አለኝ። አንድ ቤት ሰባት ቀን ውዬ አድሬ፣ እህቴን አልጠየቅኋትም። አፈርኩ፤ ካለፈው እሑድ የባሰ አፈርኩ። እዚያው ሆኜ ስልኬን አወጣሁ።

«ዘይኑ፣ ለመሆኑ ትተኛለሽ?»

ሳጓን ሰማሁ።

«ከጀመረው ጀምሮ ሌሊት ተኝቼ አላውቅም ነበር» አለችኝ። «ጩኸቱ ዝም ባለ ቁጥር ትንፋሹ የቆመ ይመስለኛል፤ እሱን ሳዳምጥ ይነጋል። የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ትናንት ግን እማ ፋጡማ ወሰዱት። እኔ እሰማለሁ፣ አንቺ ተኚ አሉኝ። እስከ ሱብሂ ሶላት አልነቃሁም፣ ወንድሜ።»

ስልኩን ዘግቼ ለሁመድ «ትናንት ተኝታለች» አልኳቸው።

«አሁን ሞላ» አሉ።

ወዲያው አንድ ግመሉን የሚጎትት ሰው በዳሱ በኩል ሲያልፍ ተነስተው እጁን ጨበጡት። በአፋርኛ ማውራት ጀመሩ፤ ቋንቋውን አላውቀውም። ግን ከሁሉ አስቀድመው መዳፋቸውን አጥፈው ጉንጫቸው ስር አደረጉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። እኔ መጨረሻ ላይ ያመጣሁትን እሳቸው መጀመሪያ አደረጉት።